ቪስቶ ቸንክሮብሻል

ይድረስ ኡሽዋያ ብርድ ውስጥ ለሚኖረው ወንድሜ ፋብሪሲዮ። እንዴት ከርመሃል? እኛ እዚህ አኛቱያ ሙቀቱ ቢያነደንም አለን።

ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ ጣሪያውም ተጠግኗል።

የእማማን ድምፅ እየቀዳሁ በስልክ ስሰድልህ ከረምኩ። ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ጭረቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፣ አይተኸዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ጭጭ ነው። ልጄ ሮሲዮ አየችና «እማ፣ አጎቴ ቪስቶ ቸንክሮብሻል» አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት፣ «መልእክትሽን አይቶ፣ ማየቱንም እያወቅሽ ዝም ማለት ነዋ። እኛ ስንኳረፍ የምናደርገው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ስልኩ የጠፋበት ሰው ምክንያት አለው። ያየ ሰው ምን አለው?

እማማ ቃሉን አልሰማችም። «ልጄ ምን አለ?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። ስላንተ መዋሸት ለመድኩ።

አመሻሽ ላይ እንደ ድሮው በረንዳው ላይ ቅሉን እየተቀባበልን፣ ሙቅ ውሃ እየጨመርንበት፣ የማቴ ሻያችንን እንጠጣለን። «አመሰግናለሁ» ብሎ ቅሉን የመለሰ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ እሱን ካላለ ይሞላለታል። እማማ ደግሞ ያቺን ቃል ተናግራ አታውቅም፤ «ውሃው ካላለቀ አትነሳም» እያልክ ትቀልድባት ነበር። ትናንት ገና በመጀመሪያው ዙር ቅሉን በሁለት እጇ መለሰችልኝና «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ይህን በስልክ አልሰድልህም። በወረቀት የጻፍኩት፣ ካልመለስክ አልደረሰውም ብዬ እንዳምን ነው።

ብርዱን ያቅልልህ።
እህትህ ኔሊዳ