ከበሮው የጠየቀልኝ ሐኪም

ውድ አባባ ቦታምባ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሊምባያ እንደሆነ አውቃለሁ። ሊምባያ፣ ስምህ ያለበት ቦታ ስትደርስ እንዳትዘል! ሁሉንም አንብብላቸው።

እኔ ደህና ነኝ። ኪሳንጋኒ ተመልሼ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ትናንት ሸንኮራ አገዳ በጥርሴ እየላጥኩ በላሁ። ጎረቤቶቼ ምኑ እንደሚያስለቅሰኝ አልገባቸውም፤ እርስዎ ግን ይገባዎታል።

ለአክስቴ ለቅሶ ወደ መንደር ስመጣ ጥርሴ ገና መንገድ ላይ ይነዝረኝ ነበር። ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ከአገጬ ሥር ያለው ሁሉ ድንጋይ ሆኗል፤ ምላሴ ወደ ላይ ተገፍቷል፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ የምውል ሴትዮ አፌ አልከፈት አለ። ፈራሁ አባባ። እንደምሞት ነው የገባኝ።

እናንተ ደግሞ እኔ የሌለሁ ይመስል በላዬ ላይ ትከራከሩ ጀመር።

«ፒንሳ አምጡልኝ!» አሉ ባለቤትዎ እማማ አፎካ። «ይህችን ልጅ ከእናቷ ማህፀን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አንድ ጥርስ ያቅተኛል?»

«አፏ መቼ ተከፈተና ነው ፒንሳ የሚገባው?» አለ ልጅዎ ሊምባያ። «ከሰዓት ሞተር ጀልባ ያልፋል። ወደ ላይ፣ ወደ ኪሳንጋኒ እንውሰዳት። ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ሐኪም!»

«እስከ ከሰዓት ተጠብቆ፣ ከዚያ ደግሞ ከወንዙ ጋር ሲታገል ታድሮ? ሬሳ ነው የምታደርሰው!»

«እና በታንኳ ወደ ታች እንውሰዳት? እዚያ ሆስፒታል የጥርስ ሐኪሙ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ባይኖርስ?»

ጭንቁ ይሄ ነበር። ወደ ላይ ብንሄድ መንገዱ ይጨርሰኛል። ወደ ታች ወርደን ሐኪሙን ብናጣው ደግሞ መመለሻ ጊዜ የለኝም። ስልክ ተደውሎ እንዳይጣራ መንደሩ ኔትወርክ አይደርሰውም።

እርስዎ በርጩማዎ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ተነሡና «ለምን አንጠይቅም?» አሉ።

«ማንን?» አለ ሊምባያ። «በከበሮ ደግሞ ሐኪም ሊጠራ ነው!»

እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም አፌ ቢከፈት ኖሮ እስቅ ነበር። ከበሮ ለእኔ የለቅሶና የበዓል ዕቃ ነው። ከግንድ የተፈለፈለውን የአያቴን ከበሮ ሲመቱት ግን ድምፁ በመሬቱ ውስጥ አልፎ፣ በተኛሁበት ሰሌን በኩል ደረቴ ውስጥ ገባ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቀጭኑ ድምፅ፣ እንደገና ወፍራሙ። ብዙ ቆዩ። እኛ በአንድ ቃል የምንለውን ከበሮ ዙሪያውን ዞሮ ነው የሚለው። ከዚያ ዱላዎቹን አስቀምጠው እጅዎን ሲያነሡ ለቀስተኛው ሁሉ ጆሮውን ወደ ወንዙ ጣለ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ሌላ ከበሮ ያንኑ ደገመው። ከእሱ ወዲያ ሌላ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጭንቅ የሚሰማ ሌላ። በመጨረሻ ምንም። ጥያቄው ከእኔ ርቆ ሄደ። እኔ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ተጋድሜ ሳለሁ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ስለ እኔ ጥርስ ይነጋገሩ ነበር! አባባ፣ በዚያ ሕመም ውስጥ እንኳ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

መልሱ ሲመጣ አንገትዎን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ሐኪሙ አለ» አሉ። «ግን ሻንጣውን ይዞ ወደብ ወርዷል። መርከብ እየጠበቀ ነው።»

ቀድሞ ዘሎ የተነሣው ማን መሰለዎት? (አንብበው ሊምባያ!) «አባባ፣ ያዙት በሏቸው! ሐኪሙን ያዙት በሏቸው!»

«አሁንማ ከበሮ አወቅህ» አሉ እማማ አፎካ፣ መቅዘፊያውን እየወረወሩለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ አላዩም። ከበሮዎ ምን እንደሠራ ልንገርዎ። መጀመሪያው መንደር ስንደርስ ሰዉ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለት ጎልማሶች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ታንኳዋን ያዙና የደከሙትን አስወርደው ራሳቸው መቅዘፍ ጀመሩ። ቀጣዩም መንደር እንደዚያው፤ የሚቀጥለውም። አንዲት ሴት ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገችልኝ፤ ስሟን እንኳ አላውቅም። አዲስ የገባ ቀዛፊ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያየኝና «እሷ ናት» ይላል። ቀጥሎ አንድ ረጅም ስም ይጠራል። ትኩሳቱ አፍኖኝ ቃሉን አልያዝኩትም፤ ቦላያ የሚለው ስሜ ግን አልነበረበትም።

ወደቡ ስንደርስ መርከቡ ጡሩንባውን ይነፋል። ሐኪሙ፣ አንድ ቀጭን ወጣት፣ ላብ በላብ ሆኖ ከአንዲት ግዙፍ ዓሣ ሻጭ ጋር ይጨቃጨቃል። ሴትየዋ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ እባክዎ ይነሡልኝ፤ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«አንተ መሄድ ትችላለህ ልጄ፤ ማን ያዘህ? ሻንጣህ ግን እንግዳ ይጠብቃል።»

«የምን እንግዳ?»

«ያቻትልህ» አለች፣ በአገጯ ወደ እኛ እያመለከተች።

ሐኪሙ አንገቴን አንድ ጊዜ ዳሰሰ፤ ከዚያ ስለ መርከቡ ትንፍሽ አላለም። ሆስፒታል ወስዶ መግሉን በጥቶ አወጣው፤ ጥርሱንም ነቀለው። ሲነጋ መጥቶ «ወደ ላይ ይዘውሽ ሄደው ቢሆን ኖሮ ትንፋሽሽ መንገድ ላይ ይዘጋ ነበር» አለኝ። «ለመሆኑ እዚህ መኖሬን ማን ነገራችሁ?» መናገር ስላልቻልኩ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ጠቆምኩት። ትኩሳቱ አልለቀቃትም መሰለኝ ብሎ ግንባሬን ዳሰሰ።

ያንን ረጅም ስም የነገረኝ ሊምባያ ነው። የከበሮ ስምሽ ነው ሲለኝ የለኝም ብዬ ተከራከርኩ፤ ከበሮ ሰውን የሚጠራበትን ስም የሚያወጣው አባት ነው፣ አባቴ ደግሞ ሳያወጣልኝ ነው የሞተው። «አባባ እዚያው ሲመቱ አወጡልሽ» አለኝ። ከዚያ ስሙን ቃል በቃል ነገረኝ። መጨረሻው ላይ የአባት ስም እንደሚከተል አውቃለሁ፤ የወንድምዎን፣ የአባቴን ስም ጠብቄ ነበር። ያስከተሉት ግን ሌላ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

አሁን አፌ ተከፍቷል፤ እንደ ድሮዬ እለፈልፋለሁ። ስሙ ከእንግዲህ አይሆናትም ብለው እንዳይለውጡብኝ፤ ይህን ደብዳቤም በእሱ ነው የምፈርመው። ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ከበሮው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ በጤናዬ ይምቱልኝና ልስማው።

አፏ ቢዘጋ ወንዙ የሚናገርላት፣
የቦታምባ ልጅ