«አማቴ» የተባለው ቢራ ስሙ እንዳይለወጥ፣ ከራሷ ከአማቲቱ

ለ፦ የመጠጥ ምርቶች ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢሮአቸው

ቀን፦ ግንቦት 14

ጉዳዩ፦ ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ «ተሰድበዋል» ብሎ የተቆረቆረላቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ «የሉም» ያላቸው አማት በሕይወት መኖራቸውን ስለማሳወቅና «አማቴ» የተባለው ቢራ በስሙ ለገበያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬን መኪና መንዳት ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሴት ነኝ። በዚህ ከተማ ከሚነዱት ሰዎች ስንቱን ፍሬን እንዳስያዝኩት፣ ስንቱንም መሪ ላይ እንዳስለቀስኩት እኔና ተማሪዎቼ እናውቀዋለን። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር የለመድኩ መሆኔን አስቀድመው እንዲረዱልኝ ነው። የማስተማሪያዋ መኪና ታድርበት የነበረው ጋራዥ ዛሬ በትንሽ በትንሹ በእጅ የሚሠራበት የቢራ መጥመቂያ ሆኗል። ጠማቂውም ባለቤቱም የልጄ ባል ነው።

2. ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ ያህል፣ ልጄ ይህን ሰው ይዛ ስትመጣ አልወደድኩትም ነበር፤ ይህንንም ያኔውኑ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ዝምተኛ ነው፣ እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ የሚጠምቀው ቢራም እንደ ራሱ ልስልስ ያለ ነበር። ማር ማር የሚል፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ ምኑ ቅጡ። አዲስ በጠመቀ ቁጥር በብርጭቆ ይዞልኝ ይመጣና «እማማ፣ እስቲ ይቺን ደግሞ ይቅመሱልኝ» ይለኛል። እኔም አንዴ ጎንጨት እልና «ይሄን ለታመመ ሰው ውሰድለት» እለዋለሁ። ልጄ ከወዲያ ማዶ ቆርኪ እየገጠመች በሳቅ ትፈርሳለች። ሦስታችን ተስማምተን የኖርነው እንዲህ ነው።

3. ካቻምና ልጄ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በአጭሩ የጻፍኩት ነገሩ አጭር ሆኖ አይደለም፤ ለጽሕፈት ቤትዎ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ስለሆነ ነው። ከቀብሯ በኋላ ዘመድ ሁሉ አማቼ ዕቃውን ጭኖ እንደሚሄድ እርግጠኛ ሆነ። «ገና ወጣት ነው፣ ሌላ ያገባል፣ አንቺም ጋራዥሽን ታገኛለሽ» አሉኝ። እኔም መሄዱን ጠበቅሁ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣና ባዶዎቹን ታንኮች ያጥባል። ያጠበውን መልሶ ያጥባል። በመስኮት ሳየው ሰነበትኩና አንጀቴ አልችል ሲል ወርጄ «አንተ ሰው፣ ይሄ ብረት ሊያልቅ ነው። ወይ ጥመቅበት ወይ ተወው» አልኩት። ምን ልጥመቅ ቢለኝ፣ ጣፋጭ ነገር እንዳታሳየኝ፣ ከእንግዲህ ማባበያ አልፈልግም አልኩት። በማግስቱ ብቅል አስመጣ።

4. የጠመቀው ፒልስነር የሚባለውን ነው። መልኩ ፈዘዝ ያለ ወርቅ፣ ውስጡ ብቅል፣ ውሃ፣ እርሾና ሆፕስ ብቻ፤ ጠማቂው ቢሳሳት የሚደበቅበት ቦታ የሌለው ቢራ ነው። ሆፕስ ማለት ቢራን መራራ የሚያደርግና መዓዛ የሚሰጠው አበባ ነው። አማቼ ይህን አበባ ሲፈላ ጨመረ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ጨመረ፣ ቢራው ከቀዘቀዘም በኋላ ታንኩ ውስጥ ጨመረ። ብቅሉንም ከወትሮው ስላበዛው የአልኮል መጠኑ ሰባት በመቶ ደረሰ። የመጀመሪያውን ሙከራ ቸኩሎ፣ በቅዝቃዜ ሳያስተኛው ቀዳልኝ። ቀምሼ «ይሄ ይጮኻል» አልኩትና ደፋነው። ሁለተኛውን አስተኝቶ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካው ቆየ፤ እኔም በየዕለቱ ደርሶ እንደሆነ ስጠይቀው፣ በትዳሩ ዘመን ተቆጥቶኝ የማያውቀው ሰው «እማማ፣ ይተዉት እንግዲህ!» ብሎ ተቆጣኝ። ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ሲቀዳልኝ ጎንጨት አልኩ። መጀመሪያ ነከሰኝ። ቀጥሎ የእህሉ ጣዕም መጣ፣ ከዚያ አፌን ጥርግ አድርጎት ሄደ። ኃይሉ የታወቀኝ ከወንበር ልነሳ ስል ነው። ብርጭቆውን ጨርሼ «ድገመኝ» አልኩት። ከእሱ እጅ ድገመኝ ብዬ አላውቅም። አማቼ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የመጥመቂያው ብቸኛ ሠራተኛ የሆነችው ጠርሙስ ሞይዋ እሷም ቀመሰችና «ውይ! ቁርጥ እማማን! መጀመሪያ ይነክሳሉ፣ ኋላ ግን ማን ከእሳቸው መለየት ይፈልጋል» አለች። ልጄ ከሞተች ወዲህ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው፤ የሳቅሁትም እኔ ነኝ። ስሙን «አማቴ» በለው ያልኩትም እኔው ነኝ። ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ሌብል ላይ ክንዷን አጣምራ የቆመችውም ሴት እኔ ነኝ፤ ሠዓሊው አፍንጫዬን ትንሽ አሳነሰው እንጂ።

5. አማቼ ቢራውን ለምዝገባ ሲያቀርብ ጽሕፈት ቤትዎ በላቦራቶሪ አስመርምሮ ጤናማና ደረጃውን የጠበቀ ሆኖ አግኝቶታል። ለዚህ አመሰግናለሁ። የከለከለው ስሙን ብቻ ነው። ምክንያቱም፣ ቃል በቃል፣ «መራራና ኃይለኛ መጠጥን በአማት ስም መጥራት የአማቶችን ክብር የሚነካ በመሆኑ» የሚል ሲሆን፣ በምትኩ «ወርቃማ» ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ ቀርቧል። ክቡር ኃላፊ፣ መራራ ናት መባልን በሥራ ዘመኔ ከተማሪዎቼ አፍ በበቂ ሁኔታ ሰምቼዋለሁ፤ አልገደለኝም። ወርቃማ ግን የወለደችኝ እናቴም ብላኝ አታውቅም። በየመደርደሪያው ላይ በንጉሥና በአውሬ ስም የሚጠሩ መጠጦች ተደርድረዋል፤ አንበሳው ፈቅዶ ፈርሞ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ግን በአፌ የምናገር፣ በእጄ የምፈርም ሰው ሆኜ ሳልጠየቅ ተሰደብሽ ተባልኩ። ክብሬን የምጠብቀው ራሴ ነኝ፤ ጠበቃ አቁሙልኝ አላልኩም።

6. መታወቂያዬን ይዤ በአካል ቀረብኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ክራቫት ያሰረ ባለሙያ በትሕትና አስተናገደኝ፤ ይህን አልክድም። «የሚመለከታቸው አማት በጽሑፍ ከተስማሙ ይታያል» አለኝ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አስገባሁ። የተሰጠኝ መልስ ግን እንዲህ ይላል፦ «የአመልካቹ ጋብቻ በሚስቲቱ ሞት የፈረሰ በመሆኑ በአሁኑ ጊዜ አማት የለውም፤ ስምምነቱም ከማይመለከተው ሰው የቀረበ ነው።»

ይህን ያነበብኩት የጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ፤ ባለጉዳይ በጎኔ እያለፈ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዲት ሴት ውሃ ልግዛልሽ ወይ አለችኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዴ ባብቶ አያውቅም። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ንዴቱ እስከ አሁን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

7. ጽሕፈት ቤትዎ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። አማት ከሆንኩ ስሙን ፈቅጃለሁ። አማት ካልሆንኩ የተሰደበ ሰው የለም፤ ታዲያ ቢራው ማንን ነካ? በአንድ መዝገብ ውስጥ ተሰድቤም ጠፍቼም አልገኝም።

8. ጋብቻ በሞት እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጉልበቴ ሲያመኝ ደግፎ ክሊኒክ የሚወስደኝ ማን ነው? የደም ግፊት ክኒኔን ዋጥኩ አልዋጥኩ ብሎ ጠዋት በሬን የሚያንኳኳው ማን ነው? ልጄ ስትስቅ ዓይኖቿ ጭፍን እንደሚሉ፣ ለቆርኪ መግጠሚያው ማሽን እንደ ሰው ስም አውጥታለት እንደነበር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሱ አማቼ ካልሆነ ልጄን ከማን ጋር ላንሳት? ልጄ ሞተች ተባለ እንጂ አልነበረችም አልተባለም። አማቼ ነገ ሌላ ቢያገባ፣ እንዲያገባም እየጨቀጨቅሁት ነው፣ ያን ጊዜ ሁለት አማት ይኖሩታል፤ ቢራው ለሁለታችንም ይበቃል።

9. አማቼ በበኩሉ ከመሥሪያ ቤት ጋር መነታረክ አይወድም። «እማማ፣ ይቅርብን፣ ስሙን እንቀይረውና ይውጣ» ብሎኛል። ልፈርድበት አልችልም። ቢራው ታንክ ውስጥ በቆየ መጠን የሆፕሱ መዓዛ እየሳሳ ይሄዳል፤ ታንኩ ካልተለቀቀ ደግሞ ሌላ ሊጠመቅበት አይችልም፤ ሌላ ካልተጠመቀ ጋራዡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም እምቢ አልኩት። «ወርቃማ» ብለህ የምትለጥፍ ከሆነ ጠርሙሶቹን በእኔ ጋራዥ በር አታወጣም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ይህን አቤቱታ የምጽፍበትን ወረቀት አመጣልኝ።

10. ስለሆነም፦

ሀ/ «አማቴ» የተባለው ፒልስነር በዚሁ ስምና በዚሁ ሌብል ለገበያ እንዲወጣ እንዲፈቀድ፤

ለ/ «አማት የለውም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከመዝገቡ ተሰርዛ፣ መሰረዟ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚቻልዎ ከሆነ ሁለተኛውን ያስቀድሙልኝ። ቢራ ቢደፋም ደግሞ ይጠመቃል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ግን፣ እናንተ ብትደክሙም እኔ አልደክምም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ የደረጃችሁንም መቀመጫ ለምጄዋለሁ።

11. መልስዎን እስካገኝ ድረስም እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋራዡን በር ከፍቼ ለጎረቤትና ለዘመድ ከታንኩ በነጻ እቀዳለሁ። ሽያጭ የለም፣ ሌብል የለም፣ ስለዚህ የሚያስፈቅድ ነገር የለም። እርስዎም ቢመጡ ብርጭቆ አይጠፋም። የቀመሰ ሰው ሁሉ ይሄ ምን ይባላል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን የሚሰጠው አማቼ ነው፤ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። በሰው ሁሉ ፊት «አማቴ» ሲል በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ።

ሳልለማመጥ፣ ነገር ግን ከሙሉ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የጠማቂው አማት