«ሀያት» ሲባል ያልተነሣሁት እኔ ነኝ

ውድ ሪሐብ፣

ጎረቤቴ ራኬብ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያወራችው አንቺም ዘንድ ደርሷል አሉ። «ወይዘሮ ብፅዓት የእስላም ስም በቤቴ አይጠራም ብለዋል» የተባለው ውሸት ነው። እንዲህ አላልኩም። ያደረግኩት ከዚያ ይብሳል፤ የልጅሽን ስም ተረጎምኩት።

ሀያት ማለት ሕይወት ነው። በልጅነቴ አስተማሪያችን የባዕድ ቃል በአማርኛ ያልፈታን ተማሪ በአርጩሜ ይገርፉ ነበር። እኔም የልጅ ልጄን ስም ፈትቼ «ሕይወት» እያልኩ ጠራኋት። ልጄ ያቤጽ «እማዬ፣ ስሟን ተዪላት» ሲለኝ «ትርጉሙ አንድ ነው» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ስሙ የሟች እናትሽ መሆኑን እያወቅኩ።

እዚሁ ለንደን፣ ሆሎዌይ ጤና ጣቢያ ለክትባት የወሰድኳት ቀን ነርሷ «ሀያት!» ብላ ተጣራች። አንዲት ቱርካዊት አሮጊት የልጅ ልጇን አቅፋ ተነሣች። አንዲት አልጄሪያዊትም ልጇን ይዛ ተነሣች። ተያዩና ሳቁ፤ በአንድ ስም ተዛመዱ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነበርኩ።

ልጅሽ ከወንበሩ ዘላ ወረደች። «እማማ፣ ካም ኦን! እኔ ነኝ!»

«ተቀመጪ፣ ሕይወት። አንቺን አይደለም።»

ፊቷ ጠቆረ። «አይ አም ሀያት» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሴቶቹም መሳቃቸውን ተዉ። ነርሷ «ሀያት ያቤጽ» ብላ ስትደግም ነው የተነሣሁት።

ማታ «እማማ ሀያት አይደለሽም አለችኝ» ብላ እንዳለቀሰችብሽ ያቤጽ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አላመጣሻትም። አልፈርድብሽም። ስደውል ግን አሁንም «ደህና ነዎት?» ትይኛለሽ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር፤ በአክብሮትሽ ፊት ነው ይበልጥ ያፈርኩት።

ቃል ይተረጎማል፤ እናትሽ አይተረጎሙም። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ማርጀት አልነበረብኝም።

ነገ መጀመሪያ በልጅሽ ሹራብ ላይ የጠለፍኩትን «ሕይወት» የሚለውን ጽሑፍ እተረትራለሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ይዤ ከፊንስበሪ ፓርክ በባቡር ስቶክዌል ወርጄ ቤታችሁ እመጣለሁ። ቁልፍ የሰጠሽኝ ቢሆንም በቁልፌ አልገባም፤ የበሩን ደወል እደውላለሁ። ካልከፈትሽልኝ ደብዳቤውን በበሩ ቀዳዳ ከትቼ እመለሳለሁ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ሮጣ መጥታ ከበሩ ጀርባ «ማን ነው?» ካለች ግን የምመልሰውን አዘጋጅቻለሁ፦

«የሀያት አያት ነኝ።»