በሁለቱ መካከል የቆመችው ሒክማ

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ሳላለቅስ ልጽፍልሽ ስለፈለግኩ ነው፤ ዛሬ ደህና ነኝ።

አሁንም እዚያው ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አባዬ የስፌት መኪናውን ከጓዳ አውጥቶ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አድርጎታል። ምግብ መሥራትም ለምዷል። ምስር ወጡ ካንቺ እንደሚበልጥ ጎረቤቶቹን ሊያሳምን ይሞክራል፤ እስካሁን ያመነው የለም። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ ያለውን የባንክ ሥራዬን ትቼ አስተማሪ ሆንኩልሽ። አንቺ ባስተማርሽበት የልደታው ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ያውም ሒሳብ። ስትለምኚኝ እምቢ ያልኩሽ ልጅ!

ሰሞኑን ራሽናል ቁጥሮችን ማነጻጸርና በቅደም ተከተል መደርደር ላይ ነበርን። ታውቂዋለሽ፣ የሚያስቸግረው ከዜሮ በታች ያለው ነው። ልጆቹ ሦስት አራተኛ ከግማሽ እንደሚበልጥ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ሦስት አራተኛም ከኔጌቲቭ ግማሽ ይበልጣል ብለው ድርቅ ይላሉ። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ስልሽ፣ በደረጃችን ይዘሽኝ ወርደሽ፣ የሕንጻውን መግቢያ ዜሮ በይው፣ ከዚያ ወደ ታችኛው መኪና ማቆሚያ በወረድሽ ቁጥር እያነስሽ ትሄጃለሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ያንኑ ነገርኳቸው፤ አብዛኞቹ ገባቸው።

ከዚያ ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ በኔጌቲቭ ሦስት አራተኛና በኔጌቲቭ ግማሽ መካከል ያለ ቁጥር ጻፉ ይላል። እኔ መልሱን ኔጌቲቭ ዜሮ ነጥብ ስድስት ብዬ ይዤ፣ ያንን ያልጻፈውን ሁሉ እየተጣደፍኩ ኤክስ አደረግኩ። ሒክማ የምትባል ጎበዝ ልጅ አለችኝ። ወረቀቷን ከወሰደች በኋላ እጇን ማውጣት ተወች። ስጠይቃት አላውቅም ትለኛለች። ሰነፈች ብዬ ወላጅ ላስጠራ ተነስቼ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ሜዳ አወጣኋቸው። መሬቱ ላይ ረጅም መስመር አስምሬ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቶኖች አደልኩና በቅደም ተከተል ቁሙ አልኳቸው። ግማሽ የያዘችውና ዜሮ ነጥብ አምስት የያዘው በቦታ ሲገፋፉ ቆይተው፣ እኩል መሆናቸው ሲገባቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳቁ። ለሒክማ ካርቶን አልደረሳትም። ባዶ ሰጥቻት የፈለግሽውን ጽፈሽ ግቢ አልኳት። ከዚያ ኔጌቲቭ አምስት ስምንተኛ ብላ ጻፈችና በኔጌቲቭ ሦስት አራተኛና በኔጌቲቭ ግማሽ መካከል ገብታ ቆመች።

«ቲቸር፣ እዚህ ልቁም? ፈተናው ላይ ይህንኑ ስጽፍ ግን ስህተት ብለውኛል» አለችኝ።

በልቤ አሰላሁት። ኔጌቲቭ ዜሮ ነጥብ ስድስት ሁለት አምስት፤ እዚያው መሀል ነው። ዝም ብዬ ማለፍም እችል ነበር።

«ቦታሽ ነው፣ ሒክማ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰሙ።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። አንዱ ልጅ በሒክማና በኔጌቲቭ ግማሹ መካከልስ ሌላ ይገኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱን ሲያገኙ ደግሞ በዚያ መካከል ሌላ ፈለጉ። ደወል ተደውሎ እንኳ ከመስመሩ የወጣ አልነበረም። ሒክማ ካርቶኗን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አዲስ ለሚገባው ሁሉ ጠጋ እያለች ቦታ ትለቅ ነበር።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ እንደገና አረምኩ። ትክክል ጽፈው ኤክስ ያገኙ ሌሎች ሰባት ልጆች ነበሩ። ያኔ ነው አንቺ የመጣሽብኝ። እራት ቀርቦ እየጠበቅንሽ፣ የተሳሳተ መልስ ላይ ተደፍተሽ «ይሄ ልጅ እንዴት አስቦ እዚህ ደረሰ?» እያልሽ ደግመሽ ታነቢ ነበር። ቀርፋፋ ትመስዪኝ ነበር፣ እማዬ። ለካ እያዳመጥሻቸው ኖሯል።

ሒክማ አሁን እጇን ታወጣለች፤ አንዳንዴም ከእኔ ጋር ትከራከራለች። ደስ ይለኛል።

አላህ ይዘንልሽ። አንቺን ለማስታወስ የሙት ዓመትሽን አልጠብቅም። በማንኛውም ተራ ቀን፣ አንድ ልጅ ያላሰብኩትን መልስ ጽፎ ሲሰጠኝ፣ ቁጭ ብዬ ደግሜ አነብለታለሁ።

ልጅሽ ሰሚራ