የጭላሎ ጀርባ፣ እንዳዘዝሽኝ

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለአስካለ ማርያም፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከተለያየን ሙት ዓመትሽ ወጥቶ፣ ከዚያም ወዲህ አንድ ክረምት አልፎ፣ እነሆ ገብሱ እሸት ይዟል። በሕይወት ሳለሽ አንድም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሰው ደብዳቤ አይጻፍምና። ዛሬ ግን መልእክተኛ ነኝ። የተላከ ሰው ደርሶ ሲመለስ ቃሉን ለላከው ማድረስ ይገባዋል፤ አንቺም በምን እንደ ላክሽኝ ታስታውሺያለሽ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ልጃችን ተፈራ ከናዝሬት መጥቶ ነው ያሠራው፤ እኔ አልፈቀድሁም ነበር። ዝናብ ሲወርድ እንደ ከበሮ ስለሚጮኽ ዳዊቴን የምደግመው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ጎረቤቶችም የኔታ ጉልበታቸው ታደሰ ይላሉ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ በር ላይ ቆማ መንገደኛ ማየት ትወዳለች፤ ከማን እንደ ተማረች አልናገርም። የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትሞቂ የምትቀመጪባት መደብ እንዳለች ናት፤ ማንም አይቀመጥባትም፤ ከልክዬ አይደለም፣ ሰዉ ራሱ እያወቀ ይተዋታል እንጂ።

በዚያች መደብ ላይ ሆነሽ ጭላሎን ስታዪው ኖርሽ። ከተጋባን ጀምሮ የምታውቂው ፊቱን ብቻ ነው። «ይህ ተራራ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ተነሥቶ የማይሄድ እንግዳ ነው» ትይ ነበር፤ «አንድ ቀን እንኳ ጀርባውን አላየሁትም።» እኔ ነገሩን እንደ ጨዋታ እቆጥረው ነበር። በኋላ ልብሽ ሲደክምና የሐኪም ቤቱ ሰው በቅሎ እንዳትወጪ ሲከለክልሽ፣ ጨዋታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። በእግርሽ የማትደርሺበት፣ በበቅሎም የተከለከልሽው ስፍራ ነበርና መኪና በኮንትራት ያዝሁ።

አሰላ የተባለ ሁሉ እንዴት እንዳወራብን አትረሺም። መኪና በኮንትራት የሚያዝ ለሙሽራ፣ ለበሽተኛ ወይም ለሬሳ ነው፤ ደኅና ሰው ደጁ ቆሞ የሚያየውን ተራራ ለማየት መኪና ሲይዝ ታይቶ አይታወቅም። ሾፌሩ ገረመው ራሱ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ «ወዴት ነው ጉዳይዎ፣ የኔታ?» አለኝ። ጭላሎን ለማየት ነው ብለው፣ ቀና ብሎ አየውና «እርሱማ ከዚሁ ይታያል» አለ። ጀርባውን ነው ስለው ጊዜ መፋቂያውን ወደ አፉ መለሰ። ከመማር የመጣ ነገር መስሎት ይሆናል።

ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ጾም እንዳይሆን፣ በዓልም እንዳይሆን በባሕረ ሐሳብ አስልቼ አወጣሁት። ከከተማው እንደ ወጣን ግን ስሌቴ አንድ ነገር መዝለሉን አየሁ፤ ቀኑ የሳጉሬ ገበያ ነበር። አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ፈስሷል። አንቺ ይህን አስቀድመሽ ታውቂ ነበርን? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም።

የኋላው መቀመጫ ስለሚያጥወለውልሽ ጋቢና ገባሽ፤ እኔ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። የሚያየን ሁሉ እሜቴ ጸሐፊያቸውን አስከትለው ወደ ሸንጎ የሚሄዱ ይመስለው ነበር። አንቺም ይህን አውቀሽ አንገትሽን ቀጥ አደረግሽ፤ ከኋላ ሆኜ አይቼሻለሁ።

የመጀመሪያው መንገደኛ ጭድ የጫነች አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ነበር። አህያውን ወደ ቦዩ ገፍቶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ። አንቺም የሾፌሩን ክንድ ነካ አድርገሽ «አቁምልኝ» አልሽው።

«ምነው እሜቴ፣ አመመዎት?»

«ልውረድ እንጂ፤ ሰውየው ቆሟል።»

ገረመው ሥርዓታችንን ከየት ያውቀዋል? በቅሎ ላይ ያለ ሰው የሚያከብረውን እግረኛ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ቆሞ ጤና ይጠይቃል፤ እግረኛውም «ይቀመጡ» ካላለው ተመልሶ አይቀመጥም። እኔና አንቺ በዚህ አድገናል። ሾፌሩ መኪና በቅሎ እንዳልሆነች ሊያስረዳሽ ሲሞክር የመለስሽለት ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ፤ «በበቅሎ ያልኮራሁባቸውን ሰዎች በመኪና ልኩራባቸው?» አንቺ ወርደሽ እኔ ተቀምጬ መቅረት አይቻለኝምና፣ ከኋላ እየተንጠራራሁ ወረድሁ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ወረድን እግዚአብሔር ይወቀው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዳዊት ያስደገምሁት፣ ዛሬ የደብር አለቃ የሆነው ደቀ መዝሙሬ በበቅሎ ሲመጣ ነበር። እርሱ ወረደ፤ እኛም ወረድን። ሰላምታው አለቀ። የኔታ ሳይቀመጡ በቅሎ አልወጣም አለ። እኔም የደብር አለቃ ቆሞ እኔ እንደማልቀመጥ ነገርሁት። ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። አንቺም ሰልችቶሽ «እንግዲያው ሁለታችሁም ቁሙ፤ እኔና ገረመው አይተን ስንመለስ እናገኛችኋለን» ብለሽ ጋቢናሽ ገባሽ። ደግነቱ በቅሎዋም ሰልችቷት ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ አለቃም ቀሚሱን ሰብስቦ እየሮጠ ተከተላት። ያን ቀን እንደ ሳቅሽው ከዚያ በፊት ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።

«በዚህ አካሄዳችን ሳጉሬ የምንገባው ለፋሲካ ነው» አለ ገረመው።

«ምናለበት፤ ፋሲካን ሳጉሬ እንውላለን» አልሽው።

ሳጉሬን አልፈን ብቻዋን የቆመችው ጥድ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከጥዷ ወዲያ ያለችውን ኮረብታ ከወጣን የተራራው ጀርባ ይታያል ተብለናል። በጥዷ ጥላ ሥር ግን አዴ ከዲጃ ተቀምጣ ነበር፤ ከሙሽርነትሽ ጀምራ አሰላ ድረስ ቅቤ ስታመጣልሽ የኖረችው የአርሲ ሴት። በኦሮምኛ እመቤቴ እንደ ማለት አዴ እያለች ስትጠራሽ፣ አንቺም አዴ እያልሽ ስትጠሪያት አርጅታችኋል፤ እሷ ግን ቤትሽን ከደጁ በቀር፣ አንቺም አገሯን አታውቁትም ነበር። ወርደሽ እጇን ያዝሽ። በኦሮምኛችሁ ስታወሩ እኔ ግማሹን ብቻ እየሰማሁ ቆምሁ። ጉልበቷ እንደ ከዳት፣ ከእንግዲህ ገበያችን እንደማትደርስ ስትነግርሽ ገባኝ። አንቺም ደረትሽን ነክተሽ ያንቺን ነገርሻት። ሁለታችሁም እጃችሁን አላላቀቃችሁም።

ቀና ስንል ጉሙ ወርዶ ኮረብታዋንም ተራራውንም ሸፍኗል። የመኪናዋ አንዱ መብራት አይሠራም ነበርና ገረመው ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም አለ። አዴ ከዲጃ «ተቀመጪ» አለችሽ፤ ገባሽ። አላዘንሽም፤ ወይም አላሳየሽኝም። ጥዷ ከዓይን እስክትጠፋ ዞረሽ ስታዪ ቆይተሽ፣ «ለሌላ በጋ» አልሽ።

ሌላው በጋ አልደረሰልሽም። በክረምቱ አልጋ ይዘሽ ሳለ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ በሩን አስከፍተሽ ተራራውን አየሽና «እኔ ካልደረስሁ እርስዎ ይዩትና ይንገሩኝ» አልሽኝ። ከዚያም ጣትሽን አንሥተሽ፣ «አደራ፣ ቅኔ እንዳያደርጉብኝ። እንዳለ ይንገሩኝ» አልሽ። ስንኖር ካዘዝሽኝ ትእዛዝ ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ የለም።

ባለፈው ሰሞን ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ሾፌር ያዝሁ። ቀኑን ከባሕረ ሐሳብ ሳይሆን ከገበያተኛ ጠይቄ መረጥሁ። ገረመው ጋቢናውን ከፈተልኝ፤ እኔ ዞሬ ወደ ኋላዬ አግዳሚ ወጣሁ። አየኝና የጋቢናውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። «ዛሬ ማንም ቢያገኘን እንዳታቆም» አልሁት። ሐዘኔን ያልሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ የሰማውም ሊያጽናናኝ ያቆመኛል፤ ጉሙም አይጠብቀኝም። ከሁሉ አስቀድሞ መልእክትሽን ማድረስ ነበረብኝ።

አላቆመም። ሰዎች ግን ቆሙ። መኪናዋን ያውቋታል። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ ጋቢናው ያያሉ፤ ባዶ ሲሆንባቸው ዓይናቸው እኔን ይፈልጋል። እኔ ጉልበቴን እያየሁ አለፍሁ። የልጅነት መምህሬ በአለንጋ ያስተማረኝን ሁሉ ከአንድ ጠዋት ባነሰ ጊዜ አፈረስሁ።

ጥዷ ዘንድ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። አቁም አላልሁትም። ገረመው ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረና «እሜቴ የወረዱት እዚህ ነው፣ የኔታ» አለኝ። ወረድሁ።

የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ አዴ ከዲጃ ከጎጆዋ እያነከሰች ወጣች። እየመጣች ትጣራለች። «መኪናዋ መጣች! አዴ አስካለ የታለች? ወተት አስቀምጬላታለሁ በሏት!» አሰላ መምጣት ከተወች ወዲህ የሚነግራት አላገኘችም። እኔ በስንት ቤት መርዶ ያረዳሁ ሰው ነኝ፤ ለጠዋቱ የሚባለውን፣ ለእናት የሚባለውን፣ ለእኅት የሚባለውን ቃል ሁሉ አውቃለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ አጣፋሁ። እርምጃዋ ተገታ። «ኢና ሊላሂ» አለችና ያን ቀን ከተቀመጠችበት ከጥዷ ሥር ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ልቅሶዋን ስትጨርስ ወተቱን አስመጣች፤ የጾም ቀን አልነበረምና ጠጣሁልሽ።

ገረመው ሰማዩን አይቶ፣ ጉም ሳይመጣ ኮረብታዋን በመኪና እንውጣ አለኝ። መኪናዋ ትወጣዋለች። እኔ ግን እንቢ አልሁ። አስካለ፣ አንቺ ከዚህ አላለፍሽም። አንቺ በቆምሽበት እኔ ተቀምጬ ላልፍሽ? «ይቀመጡ» የምትይኝ አንቺ ነበርሽ፤ ድምፅሽ አልተሰማኝም። በእግሬ ወጣሁት። አዴ ከዲጃ በአንድ ወገን፣ ዘንጌ በሌላ ወገን እየደገፉኝ ወጣሁት። እሷ የእኔን ትንፋሽ እየሰማች ታዝናለች፤ እኔ የጉልበቷን ድምፅ እየሰማሁ አዝናለሁ። ሁለታችንም እረፍ፣ እረፊ እየተባባልን አንዳችንም አላረፍንም።

አየሁት። እንዳለ እነግርሻለሁ።

ከእኛ በኩል እንዳለው ቀጥ ያለ አይደለም። ዝቅ ብሎ ሰፊ ነው፤ እንደ ተኛ በሬ ትከሻ። ይህ ቅኔ አይደለም፤ በሬ ነው የሚመስለው። ከላዩ ጥቁር የአስታ ጫካ አለ፤ ከዚያ በታች ግጦሽ፤ ከግጦሹ በታች ገብስ፤ ገብሱ እኔ ካሰብሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጥቷል። በመካከል አንድ ቀጭን ውኃ ይወርዳል። በስተግራ መሬቱ ተንዶ ቀይ ሆኗል፤ ያ አያምርም። የአምስት ስድስት ጎጆ ጢስ አየሁ። ከብት ነበር፤ ሩቅ ስለ ሆነ መልኩን አልለየሁትም። አሰላ ከዚያ አይታይም፤ ቤታችንም አይታይም። ነፋሱ ብርድ ነው። ከጠየቅሽኝ፣ ፊቱ ይበልጣል። ብዙ ቆሜ አየሁት፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ትጠይቂኝ እንደ ነበር እያሰብሁ፣ የቀረ እንዳይኖር። አንድ የቀረ አለ፤ ሰው ሲሄድ በጀርባው ይታወቃል፣ ይህ ግን ወዴትም የሚሄድ አይመስልም። እንግዳሽ ተቀምጧል።

ወርደን ጥዷ ዘንድ ስንመለስ ገረመው በሩን ከፈተ። እኔ ቆምሁ። መግባት አቃተኝ። ለምን እንደ ሆነ ለሾፌሩ ማስረዳት አልፈለግሁም። አዴ ከዲጃ ግን የእኛን ሥርዓት ያን ቀን አይታለች። እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረችና «ተቀመጥ» አለችኝ። «እሷ ተቀመጥ ትልሃለች። ተቀመጥ።» ከእናቴ ወዲህ አንተ ያለችኝ ሴት የለችም። ተቀመጥሁ።

ስንመለስ ጠዋት ያለፍኋቸውን ሁሉ፣ ያገኘሁትን ያህል፣ እየወረድሁ ጤና ጠየቅሁ፤ ስለ አንቺም ነገርኋቸው። ያልቸኮለ መንገድ ስለ ነበር ሲመሽ ገባን። ግድ የለም፤ ገረመው ሁለቱንም መብራት አሠርቶ ነበር።

መልእክቴ ይህ ነው። ከእንግዲህ የቀረልኝ ዕድሜ ጥቂት ነው፤ ብዙ ተስፋ የምሰጥበት አይደለም። ይህን አንዱን ግን እሰጥሻለሁ፦ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር፣ በበቅሎም ሆነ በመኪና፣ ጥዷ ዘንድ እወርዳለሁ። ቆሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። «ይቀመጡ» የሚለኝ ሰው እስካገኝም አልቀመጥም።

ባልሽ፣
ኃይለ ሚካኤል