ታምራት ራሱን አልገደለም

ሰኞ፣ ኅዳር 21

አባ ገብሬ ዛሬም እንቢ አሉ። ጽዮን ናት፣ በበዓሏ ልባቸው ይራራ ይሆናል ብለን እኔና እማዬ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቀን እግራቸው ላይ ወደቅን።

"ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጄ" አሉ።

እማዬ "ማን አይቶት፣ አባቴ? ማን አይቶት?" አለች። መስቀል አሳልመዋት ሄዱ።

እሑድ የታምራት አርባ ነው። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጥቅምት 18 ንጋት ላይ፣ ገብሱን ከከርከሮ ሲጠብቅ ካደረበት ማማ ሥር ሞቶ ተገኘ። ራሱ የሠራው ጠብመንጃ አጠገቡ ወድቋል። የተተኮሰው አንድ ጥይት ነው። ያየ የለም። ስንቀብረው አንድም ካህን አልጸለየለትም። እድርተኛው አፈሩን ቶሎ ቶሎ መልሶ ወደ ቤቱ ገባ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ከአባዬ ጋር ስለመጣላቱ ነው። ታምራት "ሃረና ጫካ ወርጄ አንገቱ ከተማ ቡና ልነግድ" ብሎ ነበር። አባዬ "ከሄድክ ልጅ አለኝ አልልም" አለው። ጩኸቱን ጎረቤት ሰምቷል። በማግስቱ ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ራሱን ገደለ የሚለውን ወሬ ከሁሉም በላይ ያመነው እሱ ነው።

እኔ አላመንኩም። ምክንያቶቼ፦

ለሃረና ጭቃ ብሎ አዲስ ቦቲ ገዝቷል። ሊሞት ያሰበ ሰው ቦቲ ይገዛል?

"ቅዳሜ ፀጉሬን ትቆርጠኛለህ፤ እንደ ባለፈው ካበላሸኸኝ ግን ወየውልህ" ብሎኛል።

ያ ጠብመንጃ እምነት የሚጣልበት አልነበረም። ምላጩ አንዳንዴ ብረቱን ነክሶ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም። ራሱ ነው የነገረኝ።

ሦስተኛውን ለአባ ገብሬ በዓይናቸው ባሳያቸውስ? ስድስት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

ጠብመንጃው ጎተራው ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ነበር። ሚሊሻው ጋሽ ደረጀ "አርባው ይውጣና ለፖሊስ አስረክበዋለሁ፤ ሐዘንተኛ ቤት ገብቼ አልበረብርም" ብለው ትተውልናል። ጥይቶቹን ያኔውኑ ወስደዋል።

አባዬ ሲወጣ ጠብቄ አወጣሁት። ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አየሁ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ሞከርኩት። አሥር ጊዜ። አሥሩንም ጊዜ በሥርዓቱ ሠራ። ምላጩ ካልተሳበ አይለቅም። ሲሳብ ይለቃል። ነቀነቅኩት፣ መታሁት፣ ምንም። በሕይወት ሳለ እንዲህ ታዞለት አያውቅም።

በእግሬ ረገጥኩት። ከዚያ አፍሬ መልሼ ጠቀለልኩት።

ከሰዓት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ፊዚክስ የቡድን ሥራ ነበር። አንዱ "ናቲ እኛ ቡድን አይግባ፣ ይተኮስብናል" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ የእነሱ አይደለም፣ የኔው ሳቅ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 23

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሮቤ ሄድኩ። ኦቦ ሁሴን የብረት በር የሚሠሩበት ቤት። ታምራት ብየዳ የለመደው እሳቸው ጋ ነው። ገና ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያንን ነገር በሚኒባስ ይዤው መጣሁ እንዳትለኝ!"

"አልያዝኩም።"

"አልሐምዱሊላህ። ተቀመጥ።"

አሥር ጊዜ ሞክሬው ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው። አለቀስኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጥያቄ ብቻ።

"የት ሆነህ ነው የሞከርከው?"

"ቤት ውስጥ። ምድጃ ጋ።"

"እሱ የሞተው ስንት ሰዓት ነው?"

"ንጋት ላይ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ።"

"ውርጭ ነበር?"

ነበር። ሬሳውን ስናነሳ ጋቢው ደርቆ እንደ ቆዳ ይንኳኳ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም፣ "ነበር" ብቻ አልኩ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ዲንሾ ውርጭ ላይ ያደረ መኪና ጠዋት አይነሳም። ረፋድ ላይ መካኒክ ሲመጣ ይነሳል። መካኒኩም 'መኪናህ ደህና ነው' ብሎ ይስቅብሃል። አንተም እንደዚያ መካኒክ ሆነሃል።"

ነገ የገበያ ቀን ስለሆነ አይችሉም። ዓርብ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ በሞተር ሊመጡ ቃል ገቡልኝ። ጆንያውን እንዳለ ውጭ፣ ጎተራው ክዳን ላይ አሳድረው አሉኝ። ጣታቸውን አፍንጫዬ ላይ ደቅነው "እኔ እስክመጣ እንዳትፈታው። ባዶም ቢሆን ብቻህን አትነካውም። አንድ ልጅ ይበቃናል" አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24

አባዬ ጆንያውን አየው።

"ማነው ያወጣው?"

"እኔ።"

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። "ምን ታደርግበታለህ?" አለኝ። ምላጩ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ነው አልኩት።

"ቢበላሽስ? ይመልሰዋል?"

"ስሙን ይመልሰዋል" አልኩ። እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ወደ በሬዎቹ ሄደ። ምሳም ራትም አልበላም። እማዬ ጾሙን ስለሚያጠብቅ መስሏት "አይ አንተ፣ ሰውነትህን ልትጨርሰው ነው" ትለዋለች። ጾም አይደለም። ያችን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያላምጣት። "ልጅ አለኝ አልልም።" ተናግሯት ወዲያው ሳይመልሳት መሸበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 25

አገኘነው። አገኘነውና ባላገኘነው።

ኦቦ ሁሴን ሲደርሱ ሣሩ ነጭ ነበር። ጆንያው ደርቋል። አጥሩ ጥግ ወስደው ባዶ መሆኑን በዓይናቸውም በጣታቸውም አረጋገጡ። አቀባበሉት፤ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ሰደፉን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

ቀጭ።

ምላጩን ማንም አልነካውም። ስድስት ጊዜ ሞከሩ፣ አራት ጊዜ ራሱ ለቀቀ። "ሱብሃነላህ" አሉ። እኔ ዘለልኩ። እውነቴን ነው፣ ውርጩ ላይ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ከማማው ሲወርድ ጠብመንጃው መሰላሉን ገጭቶ ይሆናል፣ ወይ ከእጁ አምልጦት። ራሱን አልገደለም! ራሱን አልገደለም!

ከዚያ ፈቱት። ውስጡ ነጭ ነገር ነበር፣ እንደ ሻማ የረጋ። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት።

"ላት ነው። የበግ ላት። ውርጭ ላይ ረግቶ ብረቱ በደንብ እንዳይነክስ አደረገው። ቤት ስታስገባው ይቀልጣል፣ ደህና ይሆናል።" ቀና አሉ። "ብረት ላይ ላት የቀባው ማነው?"

ሣሩን ማየት ጀመርኩ።

እኔ ነኝ። እዚህ ልጻፈው፣ እኔ ነኝ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ታምራት "ይሄ ምላጭ ሲጢጥ እያለ ከርከሮውን ያባርርብኛል" ብሎ አማረረ። እማዬ ለመስቀል ከታረደው በግ አቅልጣ በጣሳ ያስቀመጠችው ላት ነበር። አባዬ የሞፈሩን ጠፍር ያለሰልስበታል፣ ቆዳው ውኃ አይገባውም። ለጠፍር ከሆነ ለብረትስ ምን ይለዋል አልኩ። እሱ ገበያ እያለ አሙቄ አፈሰስኩበት። እንዴት ለሰለሰ! አልነገርኩትም። ራሱ አይቶት ይገረም ብዬ። "ማነው ያስተካከለው?" እንዲለኝ ፈልጌ።

ኦቦ ሁሴን አተኩረው አዩኝ። የፈቱትን ገጠሙ፣ እጃቸውን በሣሩ ጠረጉ።

"እኔ ለቄሱ ያየሁትን እናገራለሁ። ስብ ነበረበት። ማን እንደቀባው አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።"

ሞተራቸውን አስነሥተው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆምኩ። ፀሐይ ወጥታ ሣሩ አረንጓዴ እስኪሆን ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26

ሁሉም ተሳካ።

በንጋት አባ ገብሬ፣ ጋሽ ደረጀ፣ የእድሩ ዳኛና አባዬ ባሉበት ኦቦ ሁሴን ተመልሰው መጥተው ውጭ ባደረው ጠብመንጃ ደግመው አሳዩ። በሦስተኛው ለቀቀ፤ ፈትተው ውስጡ የረጋውን ላትም አሳዩ። አባ ገብሬ ደንግጠው ወደኋላ አሉ።

"በአምላክዎ ይምሉልኛል?"

"ወላሂ። ከተሳሳትኩ የልጆቼን ወግ አልይ። ያ ልጅ እጄ ላይ ነው ሥራ የለመደው፣ አባ። ሊሞት የሚፈልግ ልጅ አልነበረም።"

አባ ገብሬ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉ። ከዚያ "ነገ እንፈታዋለን። በሐሜት ለፈረድንበት እኛንም ይቅር ይበለን" አሉ። እማዬ በሩ ላይ ሆና ሰማች። እልል ልትል ጀምራ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

ጋሽ ደረጀ ጠብመንጃውን ወሰዱት። ጥሩ። ዳግመኛ አላየውም።

አባዬ ግንብ ተደግፎ ተቀመጠ። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ያላነሳውን ስም ጠራ። "ታምራት። አንተ ሞኝ። አንተ ሞኝ ልጅ። ብረት ላይ ላት ይቀባል?" ያለቅሳል፣ ይሰድበዋል፣ ያለቅሳል። ያ ሁሉ ሸክም ከትከሻው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።

የእድሩ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጅነት ነው። ችኩል ነበር እኮ፣ ነፍሱን ይማረው።"

ችኩል አልነበረም። አንድ ቁራጭ ብረት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ይህን ማለት ነበረብኝ። እንግዶቹን እጅ አስታጠብኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 27

ተፈታ። ዕጣኑም ታጠነ፣ ጸሎቱም ደረሰ፣ ስሙም በካህን አፍ ተጠራ። እማዬ መቃብሩ ላይ ተደፍታ እንደ ልቧ አለቀሰች፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ለማልቀስ ታፍር ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ድንኳን ውስጥ ሽሮና ምስር ስናቀርብ አንዱ ሰውዬ "ጠብመንጃውን በላት ጠብሶት ኖሯል ለካ!" አለ። ከጎኑ ያለው "ኧረ በጾሙ የላት ወሬ ተዉን!" አለው። አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ የበላ ሰው ሳቅ ነው። አባዬም ፈገግ አለ። ሳህን ይዤ መሐላቸው ቆሜ አሰብኩ፦ እስከ ትናንት ራሱን የገደለ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በሞኝነቱ የሞተ ሆነ። ሁለቱም የሱ አይደሉም። ከአንዱ አወጣሁትና በሌላው ከተትኩት። ይኸኛው ደግሞ የኔ ነው።

እንግዶቹ ሄደው ከአባዬ ጋር የድንኳኑን ሸራ ስናጥፍ ተናገርኩ።

"አባዬ፣ ላቱን የቀባሁት እኔ ነኝ።"

ማጠፉን ቀጠለ። ያልሰማ መሰለኝ።

"ታምራት አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ፣ ገበያ እያለ።"

የሸራው ጫፍ ከእጁ ወደቀ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ የያዝኩትን ጫፍ ለመልቀቅ ፈርቼ እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ማን ያውቃል?"

"ኦቦ ሁሴን የጠረጠሩ ይመስለኛል።"

"እናትህስ?"

"አታውቅም።"

ዶሮዎቹ ከሸራው ሥር ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ይጮህብኛል፣ ወይ ያንን ለታምራት ያለውን ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲለኝም ፈልጌ ነበር።

"ገብሱ ደርሷል" አለ በመጨረሻ። "አልፎበታል እንዲያውም፣ እየረገፈ ነው። ነገ ትምህርት ቤት አትሄድም። እናጭዳለን።"

ማማው ያለበት እርሻ ማለቱ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ማንም እግሩን አላስገባበትም።

"ሁለታችን ብቻ?"

"ሌላ ማን አለኝ?"

ይህን በምን ድምፅ እንዳለው ልጽፍ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ቁጣ አልነበረም። ይቅርታም አልነበረም። ተነሥቶ የወደቀውን ጫፍ አነሳ፣ እስኪያልቅ አጠፍነው። ዓይኔን አላየም።

ነገ በጠዋት እንወጣለን። ውርጩ ሳይለቅ።