ለአንዱአምላክ ድምፅሽን ላኪለት

ለምወድሽ እህቴ ለየዓለምወርቅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የፖርት ሱዳን ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽ ደኅና ናቸው ወይ? ከማዶ የመጣ መንገደኛ ባየሁ ቁጥር ጦርነቱ ወደ እናንተ ዞሮ ይሆን እያልሁ ልቤ ድንግጥ ይላል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናቡ ወጥቷል፤ ወባው ግን ከእኛው ጋር ነው።

ከሁሉ በፊት የጎረቤታችንን የዝናሽን ነገር ልንገርሽ። ሕፃኗ ከሞተችባት ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችው ዝናሽ ተነሣች! ባሏ ባንተአምላክ ምስኪኑ ስንት ጊዜ አብስሎ ሲያቀርብላት እጇን አልሰነዘረችም ነበር። ባለፈው ገንፎ አገነፋሁ ብሎ ቢሰጣት ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ፣ ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ቤት ልትመርግበት ነው?» አለችው። እሱም እየሳቀ አለቀሰ። አሁን ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ከጤና ጣቢያ የሰጧት ክኒን አለ፤ ጠዋት ጠዋት ትውጣለች፤ ሥራውን እስኪጀምር ብዙ ሳምንት ፈጀ እንጂ ያነሣት እሱ ነው። ይህን ክኒን ልብ በይልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ልጅሽ አለ። በሕይወት አለ፤ አካሉም ደኅና ነው። አስቀድሜ ይህን የጻፍሁልሽ እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ ነው። ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሣሁት ኔትወርኩ ስለማይታመን ብቻ አይደለም። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ስለ እሱ እሱ እየሰማ ማውራት አልፈልግም። ሐምሌ ላይ የሆነው ይበቃናል። ደብዳቤውን ያን ጊዜ ሳሙናውን ያመጣልን የጭነት መኪና ሹፌር፣ ኡመይር፣ በእጅሽ ያደርስልሻል።

አምና አንዱአምላክ ድምፅ ይጠራኛል፣ ሰው ይከተለኛል ማለት ሲያበዛ ሸሕዲ ሆስፒታል ወስደን በየወሩ የሚወጋ መርፌ እንዳስጀመርነው ታውቂያለሽ። ድምፁ ጠፋለት። ነገር ግን እጁ መንቀጥቀጥ፣ እግሩ መጎተት ጀመረ። የሰሊጥን ጠባይ ደግሞ አንቺም አትረሺውም፤ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ ነዶውን አፉን ወደ ላይ አድርገው፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ካልወሰዱት ሸራው ላይ ሳይደርስ ረግፎ ያልቃል። የእሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሰሊጡ በመንገዱ ሁሉ ይፈስ ነበር። ከጎጃም የመጡት ሠራተኞች፣ «አንዱ፣ የከርሞውን ዘር ዘንድሮ ጨረስኸው እኮ!» እያሉ ሳቁበት። የእርሻው ወኪልም፣ «ወንድሜ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ሰሊጤን ግን ለወፍ አበላኸው» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አያምረውም ነበር። ኳስ ማየት ተወ። ራበኝ እንኳ አይልም፤ ስሰጠው ይበላል፣ ካልሰጠሁት ይቀመጣል።

ሐምሌ ላይ ስትደውዪ ያስደነገጠሽ ያ የተጎተተ አነጋገሩ ነው። «ልጄን ምን አጠጣችሁብኝ? ያን መርፌ ሁለተኛ እንዳታስነኩት! አንዱዬ፣ እንዳትወስድ!» አልሽ። ስልኩን ድምፁን ከፍተነው ነበርና ሁሉንም ሰማ። እህቴ፣ አልፈርድብሽም። እኔ አጠገቡ ያለሁት እንኳ በሆዴ ልክ ናት ብያለሁ። የመርፌው ቀን ሲደርስ ግን፣ «እናቴ አትውሰድ ብላኛለች» አለ፤ በቃ፣ አለቀ። እኔ አክስት ነኝ፤ እናት ካለች በኋላ አክስት ምን ትላለች?

መጀመሪያ ነገሩ ያማረ መሰለን። ነሐሴ ላይ እጁ ረጋ። መስከረም ላይ ሳቅ አለ። ሰሊጥ ሲደርስ ያው ወኪል ራሱ መጥቶ ወሰደው፤ ነዶውን አንዲት ፍሬ ሳያረግፍ ሲያመላልስ አይቶ፣ «ይሄ ልጅ ሌላ ሰው ሆኗል» አለ። አበባውም፣ «ሚስቴ ሆይ፣ እህትሽ ከፖርት ሱዳን ሆና ከሐኪሙ በለጠች» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ እንቅልፉ ሸሸ። የምሰጠውን ውኃ እያሸተተ ይመልሰው ጀመር። በመንገድ ላይ ሰው ካስነጠሰ፣ «ለእኔ ነው» ይላል።

ዝናሽ ታየውና አንጀቷ አይችል። እዚህ ቆላ ወባ የያዘው ሰው የጎረቤቱን ትራፊ ክኒን ሲውጥ ነው የኖርነው፤ ጎረቤቴ አሰበች ብትታመም ከእኔ፣ እኔ ብታመም ከአሰበች። ዝናሽም በዚያው ልማድ፣ በንጹሕ ልቧ፣ ከራሷ ክኒን ቀንሳ፣ «የጭንቅላት መድኃኒት ያው የጭንቅላት መድኃኒት ነው፤ እኔን ያነሣ እሱን ይጥለዋል?» ብላ ሰጠችው። እንጀራ ከልክላ የማታውቅ ሴት ክኒን ትከልክል? እሱም መርፌ ስላልሆነ የእናቴን ቃል አላፈረስሁም ብሎ ዋጠው። ባሰበት እንጂ አልተሻለው። ጭራሽ ተቁነጠነጠ፤ መቀመጥ አቃተው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነዶውን ሸራው ላይ ጥሎ ጠፋ። ከዚህ ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ በእግሩ ሄዶ፣ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ኡመይር አገኘው። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?» ቢለው፣ «እናቴ ከማዶ ትጠራኛለች፤ አትሰማትም እንዴ?» አለው። ኡመይር ብልህ ሰው ነው፤ አልተከራከረውም። «እንግዲያው ባዶ እጅህን እናትህ ዘንድ አትሄድም። ቤት ገብተን ስንቅ እንያዝ» ብሎ መኪናው ላይ አውጥቶ ወደ እኔ መለሰው። ማዶው ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ብዬ እጽፍልሽ ነበር?

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። አትክልት የሚባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለ፤ ወጣት ነው፣ አይቆጣም። «መድኃኒቱን ማን አስቆመው?» ሲል አንዱአምላክ፣ «እናቴ» አለ። ነርሱ፣ «እናት ፈርታ ነው» አለና ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር። የገባኝን ያህል ልጻፍልሽ።

በአእምሮ ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ዶፓሚን፣ አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። መልእክቱ ግን ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ተቀባይ የሚሉት በር አለው፤ እዚያ ሲደርስ ነው ሥራ የሚሠራው። እኔ በሰሊጥ መሰልሁት፤ ያው ሰሊጥ ዘይት መጭመቂያው በር ላይ ሲራገፍ ዘይት ይሆናል፣ የዘር ጎተራ ሲገባ ደግሞ ለከርሞ ይዘራል። ዶፓሚንም በአንዱ ሰፈር ሲደርስ ሰው ነገር እንዲያምረው፣ ይህ እኔን ይመለከታል ብሎ ልብ እንዲል ያደርጋል፤ በሌላው ሰፈር እጅና እግር እንዲታዘዙ ያደርጋል። በእኛ ልጅ ላይ በመጀመሪያው ሰፈር ጭነቱ ስለበዛ የማንም ማስነጠስ፣ የማንም ጥሩምባ ለእሱ የተላከ ይመስለዋል። መርፌው በሩ ላይ ቆሞ ጭነቱን ይከለክላል። ክፋቱ፣ በሌላውም ሰፈር ያው ዓይነት በር ስላለ እዚያም ይቆማል። የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ ምግብና ኳስ አላምረው ያለውም ይኸው ሊሆን ይችላል። ሰማሽ የዓለሜ? ልጅሽን አልገደሉብሽም። በሩ ከሚገባው በላይ ተዘግቶበት ነበር፤ አንቺና እኔ ደግሞ ባንድ ጊዜ ወለል አድርገን ከፈትነው።

የዝናሽ ክኒን ሌላ ነው አለኝ። ሴሮቶኒኑ ቶሎ እንዳይሰበሰብ አድርጎ በራፉ ላይ ያቆየዋል፤ ሐዘን ለተጫናት ሴት ይረዳል፤ ድምፅ ለሚሰማው ልጅ መድኃኒቱ እሱ አይደለም። «ነገሩ እኔ ከምነግርሽም የረቀቀ ነው፤ እኛም ሁሉን አናውቀውም» አለኝ። እንዲያ በማለቱ አመንሁት። ደፍሬ፣ «ታዲያ እናቱን መናፈቁስ የበር ነገር ነው ወይ?» ብለው ሳቅ አለና፣ «እሱን እኔ አልነካም፤ ያ ናፍቆት ሳይረዳን አይቀርም» አለ።

ያንን መርፌ አይመልስበትም። የሚዋጥ ሰጥቶታል፤ የዶፓሚኑን በር እንደ ቀድሞው አጥብቆ የማይዝ፣ ከሴሮቶኒኑም በሮች አንዳንዱን የሚዘጋ ነው። ይህም የራሱ ችግር አያጣም፤ ቢያንቀጠቅጠው ወይም ቢያደክመው አምጡት፣ መጠኑን እናያለን፣ በራሳችሁ ግን አታቁሙ ብሎናል። ስለ ጠበሉም የነፍስ አባታችንን አባ ጀምበሩን ጠይቄልሻለሁ። «ይጠመቅም፣ ይዋጥም፤ እግዚአብሔር አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ክኒኑ ይኸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አንዱአምላክ ግን አልዋጠም። «እናቴ ራሷ ትበለኝ» ብቻ ነው መልሱ። በወጥ ደብቄ ልስጠው ብል አትክልት ከለከለኝ፤ ካወቀ ምግቡንም እኔንም አያምንም አለ። አበባው ቤት ያለውን ማጭድ ሁሉ ሰብስቦ ጎረቤት አስቀምጧል። እኔም ውኃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ ማሰሮው እስኪሞላ አልጠብቅም፤ መኪና ሲጮህ ሮጬ ገብቼ መኖሩን አያለሁ። ሰውነቴ አልቋል እህቴ።

አሁን የምለምንሽ ይኸውልሽ። ኡመይር ስልኩን ይዟል፤ ድምፅሽን ይቀዳልሻል። አታልቅሺ፣ አታብዢውም። ስሙን እንደ ልጅነቱ ጠርተሽ፣ «ያን ጊዜ አትውሰድ ያልሁህ ፈርቼ ነው፤ አሁን ውሰድ» በዪው። ያቺ እሱ የሚሰማት የማዶዋ ድምፅ «ና» ነው የምትለው። አንቺ፣ «እዚያው ቆየኝ» በዪው።

አበባው በጣም ሰላም ብሎሻል። አባ ጀምበሩ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለዋል። አሰበች ሻሹ ደርሶኛል፣ ይስጥልኝ በያት ብላኛለች። ዝናሽ ይህን ስጽፍ ገብታ ነበር፤ «የዓለሜ ትቀየመኛለች» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ባክሽ ለሷም አንድ ቃል ጨምሪላት። ኡመይርም ሁለቴ ብቅ ብሎ፣ «ያላ ውባንች፣ ቶሎ በዪ እንጂ፤ ደብዳቤ ነው ወይስ የክስ መዝገብ?» አለኝ።

አሁን ደግሞ አንዱአምላክ ራሱ ገባ። ለማን ነው አለኝ፤ ለእናትህ አልሁት። ወረቀቱን ቆሞ ትንሽ አየውና፣ «ኡመይር የሚሄደው በድልድዩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በድልድዩ ነው አልሁት። «እንግዲያው ሰላም በዪልኝ። እሱ ይሂድ፤ እኔ መልሷን ይዞ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አለና በሩ ላይ ተቀመጠ።

እህትሽ ውባንች
ኮኪት፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.